ሦስት ምስክር ለአንድ ቃል

ቡሬ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ክንፈሚካኤል፣
ሊበን

አባቴ ሆይ፣ ከሆስፒታል መልስ መንገዱ እንዴት አደረገዎት? ጎንዎን የሚወጋው ነገር ጋብ አለልዎ? እኔ ከተለያየን ጀምሮ ደህና ነኝ። ለመስቀል ሳልመጣ በመቅረቴ ግን ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ከዳንግላ ወዲያ መኪና አይሄድም ተብሎ ከመናኸሪያ ተመልሻለሁ። የስልክ ማማው እስኪጠገን ድረስ እንግዲህ መገናኛችን ወረቀት ነው።

ደብዳቤዎን ባንቺአየሁ በርበሬዋን ሊበን ገበያ ሸጣ ስትመለስ አመጣችልኝ። «አባትሽ በስተርጅና ፈረንጅ ሊሆኑልሽ ነው» እያለች በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስቃብኛለች። እኔም አንብቤ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ግን አፈርሁ። አንድ የስድሳ ስምንት ዓመት ሊቅ እንግሊዝኛ ልማር ሲሉ የሚሳቅበት ምክንያት የለም። ፊደሉን ከጌታሁን ልጆች ደብተር ብቻዎን ለይተው ማወቅዎ ደግሞ ይበልጥ አስደንቆኛል።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። በስልክ የሚመጣው ኢንተርኔት እዚህም የለም። እኔ በማኅደር ክፍል የምሠራበት መሥሪያ ቤት ግን በሽቦ የሚገባ አለው፤ በምሳ ሰዓት እንድጠቀምበት ለኃላፊዬ ማመልከቻ ጽፌ ተፈቅዶልኛል። እርስዎ የከበደዎትን ቃል ፊደሉን ሳያዛቡ ገልብጠው ይልኩልኛል፤ እኔ ደግሞ ጎግል ለሚባለው መፈለጊያ እሰጠዋለሁ። ይህ መፈለጊያ ራሱ መምህር አይደለም፤ መምህራን ያሉበትን ደጅ የሚያሳይ ነው። ለአንድ ቃል ሺህ ደጅ ይከፍታል። ከሺሁም ውስጥ የማያውቀውን የሚናገር፣ ከሌላው ቀድቶ የሚሳሳት፣ ሊሸጥ ብቻ የወጣ ብዙ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ምስክር እጠራለሁ፦ አንደኛው መዝገበ ቃላት፣ ሁለተኛው ቃሉ በሰው ጽሑፍ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለበት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስተኛው ሥዕል፤ ሥዕል የሌለው ቃል ከሆነ የባለሙያ ገጽ። ሦስቱ ከተስማሙ እጽፍልዎታለሁ፤ ካልተስማሙ አልጽፍም። ከዚህ ሕግ ለማንም ብዬ አልወጣም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላትዎ ‹ሲድ›፣ ‹ቤል› እና ‹ሃርቨስት› ናቸው፤ ዘር፣ ደወል፣ አዝመራ። ምስክሮቻቸውን በሌላኛው ወረቀት ላይ ያገኟቸዋል። ለደወል ሥዕል ስጠይቅ ብዙ መቶ ደወል ተደረደረልኝ፤ አንዱም ግን እንደ እኛ ደብር የድንጋይ ደወል አልነበረም።

ሐኪሙ ምን አለ ብለው ለጠየቁኝ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ ብሏል።

ልጅዎ እህተ ማርያም


ሊበን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ እህተ ማርያም፤ ለልጄም ለእህተ ማርያም፣

ሰላምታውን ሁለት ያደረግሁት ሁለት ሰው ስለ ሆንሽብኝ ነው። አንዷን እመርቃለሁ፤ አንዷን እፈራለሁ። እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ በወጣትነቴ አንዲት የግእዝ ቃል ፍለጋ ከጎንጅ ዋሸራ ስወርድ እግሬ ተላልጦ፣ ውሻ ነክሶኝ፣ ደበሎዬ በዝናብ ርሶ ነበር የደረስሁ። መምህሩም ቀና ብለው አይተውኝ «ነገ ተመለስ» አሉኝ። አንቺ በምሳ ሰዓት ሺህ ደጅ ትመቻለሽ፤ ከሺሁ ደጅ አንድ ውሻ አይወጣም። ይኸ ትምህርት ሳይሆን ምቾት ነው ልል ነበር፤ የሦስቱን ምስክር ሕግሽን ሳነብ ግን ቃሌን መለስሁ። በእኛም ጉባኤ ቤት አንዱን ቃል «አንድም» እያልን ከዚህም ከዚያም ወገን እናየዋለን እንጂ በአንድ ፍቺ አንለቅም። ደመወዝ የማትቀበል መምህር አግኝቻለሁ፤ አልለቅሽም።

ተማሪዎቹ ሰምተዋል። ጠዋት ጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ የኔታ» እያሉ ይሳለቁብኛል። እንድሪያስ፣ እንኳን ሌላው፣ ያ ጭምቱ የመጀመሪያው ተማሪዬ እንኳ ትናንት አለኝ። ልምጭ አነሣሁበት፤ እጄ ደከመና መልሼ «ጉድ ሞርኒንግ» አልሁት።

ጌታሁን ግን አኮረፈ። «አሁን ይኸ ለርስዎ ምን ያደርግልዎታል? አርፈው አይቀመጡም?» ይላል። ወንድምሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ምን እንዲህ እንደ ተቆጣ አልገባኝም። ቃላቱን በተለየ ወረቀት ጽፌያለሁ። ሃያ አራት ናቸው። ከየት አመጧቸው አትበይኝ፤ ተማሪ የጥያቄውን ምንጭ አይጠየቅም።

ጎኔን የጠየቅሽኝ፣ አለ።

ክንፈሚካኤል፣ ተማሪሽ


ቡሬ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጌታሁን፣

ይህን ብቻህን አንብበው። የሐኪሙን ወረቀት አቃጥዬዋለሁ ብለኸኝ ነበር፤ እንዳልተቃጠለ ዛሬ ዐወቅሁ።

ከአባታችን ሃያ አራት ቃላት መጡልኝ። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ ዝናብና በሬ፣ ጤፍና ወንዝ ናቸው። የቀሩት ግን ከዚያ ወረቀት ላይ በተራቸው የተገለበጡ ናቸው። ጉበት አለ። እባጭ አለ። የገፋ የሚል አለ። እርሳቸው እየተማሩ ያሉት እንግሊዝኛ አይደለም፤ የራሳቸውን ወረቀት ነው።

ያን ዕለት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሐኪሙ የነገረን ለእኔና ለአንተ ብቻ ነው፦ በሽታው ከጉበታቸው አልፎ ተሠራጭቷል፤ የሚፈውሰው የለም፤ ምናልባት እስከ ፋሲካ ይቆዩ ይሆናል። አንተም የአጎቶቻችንን ምክር ይዘህ አስማልኸኝ። «ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ከበሽታው ቀድሞ ፍርሃቱ ይወስደዋል» አልኸኝ። እኔም ማልሁ፤ ያን ጊዜ ራሴም ፈርቼ ነበርና።

አሁን ግን እስቲ ልጠይቅህ። ሌላውን ሰው ለመጨረሻ ቀኑ ሲያዘጋጁ ዕድሜያቸውን የፈጁ አባት የራሳቸውን ቀን ማወቅ አይገባቸውም? ንስሐቸውን መቼ ይግቡ? መቼ ይቁረቡ? ጉባኤ ቤቱን ለማን ያስረክቡ? አሳቢ መስለን ይህን ሁሉ ልንነጥቃቸው ነውን?

የአብዛኞቹን ቃላት ፍቺ ከነምስክሩ እልክላቸዋለሁ፤ ለየብቻቸው ሲቆሙ ብዙ አይናገሩም። የመጨረሻዋ ቃል ግን ብቻዋን ትናገራለች። ከመሐላው እስክትፈታኝ ድረስ መሐላዬን አላፈርስም፤ ሐሰትም አልጽፍላቸውም። በሁለቱ መካከል ያለው መተላለፊያ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ የማየው ዛሬ ነው።

እኅትህ


ቡሬ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ክንፈሚካኤል፣

የየኔታነት ሹመቴን ባንቺአየሁ በርበሬ ገበያ ውስጥ ሳይቀር አሳብቃብኛለች፤ ባልደረቦቼም መጥራት ጀምረዋል። እንድሪያስን ጉድ ሞርኒንግ ይበሉልኝ።

በቃላቱ ወረቀት ጀርባ ስለ አነጋገር ላነሡት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ቃልን ከቃል ገጥመው አንድ ሐረግ ከሠሩ በኋላ ትክክል ይሁን አይሁን ሲጠራጠሩ፣ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ከትቶ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ መፈለጊያው ልክ እንደ ተጻፈው የሚገኝበትን ብቻ ለቅሞ ያመጣል። ብዙ ሰው ጽፎት ከተገኘ ይነገራል ማለት ነው፤ ማንም ካልጻፈው የእኛ ፈጠራ ነው። የላኩልኝን አምስት ሐረግ በዚህ ፈትኜ ሦስቱ አልፈዋል። ከስምንት ወር ተማሪ ሦስት አይጠበቅም፤ እርስዎ የሁለት ወር ነዎት።

ሃያ አራቱ ቃላት ከዚህ ጋር አሉ። ሦስት ምሳ ሰዓት ፈጅተዋል። ለ‹ሊቨር› የሐኪም ቤት ሥዕል፣ ለ‹ሬይን› የዝናብ ሥዕል አይቼ አመሳክሬያለሁ። በመጨረሻ ያለችው ‹ፓሊየቲቭ› በመዝገበ ቃላት ሕመምን የሚያስታግስ ማለት ናት።

ወረቀቴ እዚህ ላይ ስላበቃ ይቅርታ።

ልጅዎ እህተ ማርያም


ሊበን፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታዬ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ውርጩ ባቄላውን መታው። አለሁ። ድምፄ አነሰ እንጂ አለሁ፤ ተማሪዎቹ ወደ መደቤ ቀረብ ብለው ይቀመጣሉ።

ትምህርቱን በሚገባ ተቀብያለሁ። ለትምህርቴ የረዳኝን ወረቀት ከምድጃ ዳር ነበር ያነሣሁት፤ ጠርዙ ነዷል እንጂ ፊደሉ ተርፏል። ወንድምሽ እሳት ላይ ሲጥል ዘወር ብሎ ማየት አይችልም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ አትቆጪው።

እንደ ለመድሁት የላክሽውን ቆጠርሁ። ሃያ ሦስቱ ቃላት ሦስት ሦስት ምስክር አላቸው። ሃያ አራተኛዋ አንድ አላት። ወረቀት አንሷት ነው ብዬ ላልፍ ስል ከግርጌው አራት ጣት ባዶ ቦታ አየሁ።

ይህን ለወቀሳ አላነሣሁትም፤ መልስም አልጠይቅበትም። መምህር አንዳንድ ጊዜ ይደክመዋል። ተማሪም አንዳንዱን ለብቻው ያጠናዋል።

ሌላው ዜና፣ ጉባኤውን ለእንድሪያስ አስረክቤያለሁ። አለቀሰ፤ «ሂድ አስተምር፣ እንባህን ለሌላ ቀን አስቀምጥ» አልሁት። የልደት ዕለት እቆርባለሁ፤ ንስሐ አባቴም መጥተው ነበር፤ ብዙ ተጫወትን። ጌታሁን ይህን ሁሉ ሲያይ ዐይኔን ይሸሻል።

የመምህርነት ፈተናሽ ፍኖተ ሰላም ላይ የካቲት አሥር ነው ብለሽኛል። ሳትፈተኚ እንዳትመጪ። እናትሽ ስታርፍ አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ «ልጄን ከመምህራን ወንበር አድርሳት» ነበር ያለችኝ። ይኸ ቃሏ አሁን በአንቺ እጅ ነው። ይህን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ አባት አዝዤሻለሁ።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ክንፈሚካኤል፣

አራቱን ጣት ባዶ ቦታ ካነሡልኝ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ጌታሁን ከመሐላው እንዲፈታኝ ብለምነው «መሐላሽ መሐላ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እንግዲህ እያወቅሁ አፈርሰዋለሁ፤ ቀኖናውን ንስሐ አባቴ ይስጡኝ።

መፈለጊያው የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል። የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ ዐውቅ ነበር። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ይቅርታ የሚያሰጥ ግን አይደለም። ለማንም ብዬ አልወጣም ካልሁት ሕግ በዓለም ላይ በጣም ለምወድደው ሰው ስል ወጣሁ፤ የወጣሁትም በጣም በሚያስፈልግዎት ቃል ላይ ነው። ዛሬ የቀሩትን ምስክሮች አቀርባለሁ።

‹ፓሊየቲቭ›። አንደኛ ምስክር፣ መዝገበ ቃላት፦ ሕመምን የሚያስታግስ፤ የሕመሙን ሥር ግን የማያስወግድ። በኅዳሩ ደብዳቤዬ ግማሹን ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ። ሁለተኛ ምስክር፣ ከአንድ የነርሶች ጽሑፍ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር፦ «መዳን ተስፋ የማይደረግበት ሰው በቀረው ጊዜ እንዳይሠቃይ የሚሰጥ እንክብካቤ ነው»። ሦስተኛ ምስክር፣ እኔ። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ይቆዩ ይሆናል ሲል አጠገቡ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሦስቱ ይስማማሉ።

አባቴ ሆይ፣ ሳልነግርዎ የባከነው ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ጊዜ የእርስዎ ነበር እንጂ የእኔ አልነበረም። ንስሐዎን መግባትዎን ሳነብ ከኋላዬ የሚያሯሩጠኝ ነገር ትንሽ ተወኝ፤ ቢሆንም ያለ እኔ እርዳታ ያደረጉት ነው። አሁን የምለምንዎ አንድ መልስ ነው። ፈተናው የካቲት አሥር ነው፤ በማግሥቱ እነሣለሁ። እስከዚያ የማይቆዩ መስሎ ከተሰማዎት ግን «ነይ» ብለው ይጻፉልኝ። ፈተናው በሚመጣው ዓመትም አለ። በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

በዚህች ቃል ብቻ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ እህተ ማርያም


ሊበን፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለእህተ ማርያም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ስለ ደከመ የሚጽፍልኝ ጌታሁን ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ደስ ብሎኛል። ምንም አታስቢ፤ ፈተናሽን በርትተሽ አጥኚ፤ ስትጨርሺ ትመጫለሽ። እህሉ ገብቷል። ከብቶቹም ደህና ናቸው። ትምህርቴን አላቋረጥሁም፤ የሚከተሉትን ቃላት ፈልጊልኝ፦ ‹ሲድ›፣ ‹ቤል›፣ ‹ሃርቨስት›።

አባትሽ ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጌታሁን፣

ደብዳቤህን ዛሬ ተቀበልሁ። ጽሕፈቱ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ያንተ መሆኑን ስለማውቅ መልሱን ለአንተ እጽፋለሁ።

አባታችን «ውድ ልጄ» ብለው ጽፈውልኝ አያውቁም፤ ከጥቅምት ወዲህ የኔታቸው ነኝ። ስለ ሞታቸው ለጻፈላቸው ሰው «ደስ ብሎኛል» ብለው አይመልሱም። የላክሃቸው ሦስት ቃላት ደግሞ በመስከረም የተማሯቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከአሮጌው ወረቀት ላይ ፊደሉን እያየህ እንደ ገለበጥሃቸው አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛ ስለማታነብ አዲሱን ከአሮጌው አልለየህም። እርሳቸው አንድ ቃል ሁለት ጊዜ አይጠይቁም።

ባንቺአየሁም እንደ ወትሮው ከበሩ ላይ አልተጣራችም። ወረቀቱን ለጥበቃው ሰጥታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በአጥሩ ጥግ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ተከትዬ ወጥቼ ስጠራት «ቸኩያለሁ የኔ ልጅ፣ ቸኩያለሁ» አለችኝ። ወደ እኔ አልዞረችም።

መርዶ በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ቆሞ ይነገራል። የእኔ መርዶ በምሳ ሰዓት በሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተነገረኝ። ወደ መፈለጊያው ፊት ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቀው ግን አጣሁ። ባዶው የመጠየቂያ ሣጥን እኔን፣ እኔም እርሱን ስናይ የሥራ ሰዓት ደረሰ።

አልወቅስህም፤ የመውቀስ ሥልጣን የለኝም። በሁለት ወር ውስጥ ያደረግሁትን ሁሉ አንተ በአንዲት ገጽ አደረግኸው።

ለፈተናው እቀመጣለሁ፤ ያዘዙኝ የመጨረሻ ትእዛዝ ነውና። አንድ ነገር ግን ሳታዝንልኝ መልስልኝ። የጥር ስድስቱ ደብዳቤዬ በሕይወት ሳሉ ደርሷቸዋል? መልሱን ከየካቲት አሥር በፊት አትላክብኝ፤ ካወቅሁት እርሳስ የምይዝበት እጅ አይኖረኝም።

እኅትህ እህተ ማርያም


ሊበን፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእህተ ማርያም፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ እንዳንቺ መጻፍ አልችልም፤ የተሳሳተውን እለፊው።

አባታችን ጥር ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ብዙ አልተጨነቁም። እንድሪያስና ተማሪዎቹ ከአልጋቸው ዙሪያ ነበሩ። ደብዳቤሽ የደረሰው በሠልስቱ ዕለት ነው። ባንቺአየሁ መንገድ ተዘግቶባት ዳንግላ ሁለት ሳምንት ከርማ ነበር። አልደረሰላቸውም። ሳታዝንልኝ መልስልኝ ስላልሽ ነው እንዲህ የጻፍሁት። ድንኳኑ ውስጥ አንብቤው አጎቶቻችን ፊት አለቀስሁ፤ መሐላውን ያስማልሁሽ እኔ ነኝና።

ግን አንድ ነገር ዕወቂልኝ። ፈተናሽን እስክትጨርሺ አትንገሯት ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። በማረፋቸው ዋዜማ ጠሩኝና «እኔ እንዳልፈራ አንዱን ነገር ሸሽጋልኛለች፤ እኔም አንዱን ልሸሽግላት» አሉኝ። ትንሽ ፈገግ ብለው ነበር። «ጥያቄዬ ከተቋረጠባት ትጠረጥራለች፤ ቃላትም ላክላት» አሉ። የትኛውን ቃል ብዬ ሳልጠይቃቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ አልተነጋገርንም። ስለዚህ ከወረቀቱ አናት ያሉትን ሦስቱን ገለበጥሁ። አሮጌ መሆናቸውን ከየት ልወቅ?

አርባቸው መጋቢት ስድስት ነው። ባንቺአየሁ ይዛሽ ትመጣለች፤ ብቻሽን እንዳትነሺ።

ዳዊታቸውን ለእንድሪያስ ልሰጥ ስከፍተው የኅዳሩ ወረቀትሽ በውስጡ ታጥፎ አገኘሁት። የእንግሊዝኛውን እኔ አላነብም። ከግርጌው ግን፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ከመጨረሻዋ ቃል ሥር፣ በእርሳቸው እጅ ሁለት መስመር ተጨምሯል። ቀኑ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ይላል። ትርጉሙን አንቺ ታውቂው ይሆናል ብዬ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ሁለተኛ ምስክር፣ ሥጋዬ።
ሦስተኛ ምስክር፣ የልጄ ዝምታ።»

ወንድምሽ ጌታሁን